«ኸርባን» የተባለ ላፕቶፕ ሁሉ አልሞተም
(በቤሩት በእሑድ የእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ የሳምንቱ ድካም ሳይወጣላችሁ፣ ያለቻችሁን አንዲት የዕረፍት ቀን ለዚህ ስብሰባ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ለማታውቁኝ፣ እኔም እዚሁ ቤሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ካውያውንም፣ መጥረጊያውንም፣ በረንዳ ላይ መተኛቱንም አውቀዋለሁ። አሁን የምክር አገልግሎት ላይ ነኝ። ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ውል፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጭንቀት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ዕቃ ላወራችሁ ነው፦ አልበራም፣ ቻርጅም አላደርግም ስላለ አሮጌ ላፕቶፕ።

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። «የእኛ ችግር ይኼ ነው እንዴ?» የምትሉም ትኖራላችሁ። እስቲ እጃችሁን አንሡ፤ አልጋ ሥር ወይም ሻንጣ ውስጥ የማይሠራ ላፕቶፕ ያላችሁ ስንት ናችሁ? አያችሁ፣ ብዙ ናችሁ። አንዷ ማዳም ልጇ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን የሰጠቻት ናት። ሌላዋ ከሱቅ አል አሐድ በርካሽ የገዛች ናት። በእሱ እንግሊዝኛ ተማራችሁበት፣ ልጃችሁን በቪዲዮ አያችሁበት፣ ፎቶና ደረሰኝ አስቀመጣችሁበት። አንድ ቀን ቁልፉን ስትጫኑት ዝም አለ። ሱቅ ወሰዳችሁት፤ ሰውዬው ገልበጥ አድርጎ አየና «ኸርባን» አላችሁ። በቃ፣ ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የማይበራ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሞተው ራሱ ሳይሆን መብራት የሚያደርስለት መንገድ ነው። ያ መንገድ ከግድግዳው ይጀምራል፤ በገመዱ፣ በቻርጀሩ፣ በቀዳዳው አልፎ ባትሪው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው እየሄድን እንፈትሽ። ያንን ሳታደርጉ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ዕቃውንም አትስጡ።

ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ስለዚህ እኛ ደመወዝ ሲቀርብን በእጃችን ያለው ማስረጃ ትልቅ ነገር ነው። የውሉ ፎቶ፣ የማዳም መልእክት፣ ገንዘብ የላክንበት ደረሰኝ፣ ይኼ ሁሉ የት ነው ያለው? ስልካችን ሲሞላ ላፕቶፑ ላይ አይደል የምናስቀምጠው?

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ወደ እኔ መጣች። የ14 ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። አሠሪዋ «ከፍያለሁ» ይላል። እሷ ደግሞ «በሚቀጥለው ወር እሰጥሻለሁ» እያለ የጻፈላትን መልእክት ሁሉ ፎቶ አንሥታ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጣ ነበር። ስልኩ ተሰብሮ ተጥሏል። ላፕቶፑ አይበራም። አንድ ሱቅ «ሞቷል፣ በ10 ዶላር ልግዛሽ» ብሏታል። ልትሸጠው አስባ ነበር፤ ለታክሲ ይሆነኛል ብላ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው» አልኳት።

ቁጭ ብለን ያየነውን ተራ በተራ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ትምህርት እሱው ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው። ላፕቶፑን የምትሰኩበት ሶኬት ላይ የስልካችሁን ቻርጀር ሰኩና እዩ። ስልኩ ቻርጅ ካላደረገ ችግሩ የላፕቶፑ አይደለም። ማከፋፈያ ላይ ከሆነ ከማከፋፈያው ነቅላችሁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩ። መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ከሆነ ደግሞ፣ ዱባይም ኩዌትም ዶሃም ያላችሁ እህቶቻችን የምትጠቀሙበት ዓይነት፣ ውስጡ ትንሽ ፊውዝ አለው። ፊውዙ ሲቃጠል ገመዱ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። የፊውዝ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ላፕቶፕ ግን ስንቱ በእሱ ምክንያት ተጥሏል። ስትቀይሩ የወጣውን ፊውዝ ለሱቁ አሳዩና ያው ቁጥር የተጻፈበትን ግዙ።

ሁለተኛ ገመዱ። የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ከግድግዳ እስከ ጥቁሩ ሳጥን የሚሄደው ገመድ ነው፤ ይኼ ከሳጥኑ ይነቀላል። ብዙ ጊዜ ላላ ብሎ ይገኛል፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉት። ይህን ገመድ ከሌላ ጓደኛችሁ ተውሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ጫፉ ሳጥኑ ውስጥ ልክ ከገባ ይሆናል። ሌላው ከሳጥኑ እስከ ላፕቶፑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። እሱን በጣታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሱት፤ በተለይ ላፕቶፑ ውስጥ የሚገባው ጫፍ አካባቢ። እዚያ ጋ ዕለት ዕለት ስለሚታጠፍ ውስጡ ይበጠሳል፤ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። የተላጠ፣ የሚሞቅ ወይም የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛ ሳጥኑ ላይ ያለችው መብራት። ሁሉም ላይ የለችም፤ ካለች ግን ብዙ ትናገራለች። ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ መብራቷ ካልበራች ገመዱን ወይም ሳጥኑን ጠርጥሩ። በርታ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኩት ከጠፋች፣ ወይ ሳጥኑ ደክሟል ወይ ላፕቶፑ ውስጥ መብራት የሚያጋጭ ነገር አለ። ያኔ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ለባለሙያ ተዉት።

አራተኛ ቀዳዳው። በስልካችሁ መብራት ላፕቶፑ ላይ ያለውን የቻርጀር ቀዳዳ እዩ። ቆሻሻ ካለ ቻርጀሩንና ባትሪውን አውጥታችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፤ መርፌ አታስገቡ። ጫፉ ሲሰካ ከተወዛወዘ ወይም ወደ ጎን ስትገፉት ብቻ የሚበራ ከሆነ፣ ቀዳዳው ከውስጥ ለቋል ማለት ነው። እሱ የሚበየድ ወይም የሚቀየር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ላፕቶፕ የሚያስጥል አይደለም።

አምስተኛ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ላፕቶፑ ውስጥ የቀረ ትንሽ ኤሌክትሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዳይነሣ ያግደዋል። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከሥር በሚንሸራተት መቆለፊያ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ ቀስ ብላችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። ልቀቁት። አሁን ባትሪውን ሳትመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰኩና አብሩት። ከበራ ችግሩ ባትሪው ወይም ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ በሕይወት አለ። ያለ ባትሪም ቢሆን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ባትሪው የማይወጣ ዓይነት ከሆነም ቻርጀሩን ነቅላችሁ ያንኑ አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ይጠቅማል። ወራት ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ወዲያው አትፍረዱበት፤ እያያችሁት አንድ ሰዓት ያህል ሰክታችሁ ተዉትና ከዚያ ሞክሩ።

ስድስተኛ፣ ድምፅ አለው ግን ስክሪኑ ጨለማ ነው የምትሉ። ማራገቢያው የሚሰማ፣ ትንሿ መብራት የምትታይ ከሆነ መብራቱ ደርሷል፤ ሕመሙ ሌላ ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ መብራት በአግድመት ስክሪኑ ላይ አብሩ። ደብዘዝ ያለ ምስል ካያችሁ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። ለጥጋኝም ስትሄዱ ይህንኑ ንገሩት፤ የምታውቅ ሴት መሆናችሁን ሲያይ አነጋገሩም ይለወጣል።

የዚያች እህት ላፕቶፕ ምን ሆኖ ነበር? ሁለት ነገር። ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ከውስጥ ተበጥሷል፤ ባትሪውም አልቋል። ገመዱን ከሌላ ቻርጀር ተዋስን፣ ባትሪውን አወጣን፣ 30 ቆጠርን፣ አበራነው። ተነሣ። መልእክቶቹን ሁሉ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ጉዳዩ አሁን በጠበቃ እጅ ነው፤ ገና አላለቀም። ግን ባዶ እጇን አይደለችም። በ10 ዶላር ሊሄድ የነበረው የ14 ወር ላቧ ነው።

አሁን የምናገረውን ግን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። ያበጠ ባትሪ። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ፣ ሥሩ ከተነፋ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ጣታችሁን የምታንሸራትቱበት ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ባትሪው አብጧል። ወዲያው ንቀሉት። ዳግመኛ አትሰኩት፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶዬን ላውጣ» ብላችሁም ቢሆን። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ እሳት ይነሣል፤ ጭሱም መርዛም ነው። ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። ከልብስና ከመጋረጃ አርቃችሁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ባዶ ሴራሚክ ላይ አስቀምጡትና ባትሪ ወደሚቀይር ባለሙያ ውሰዱት።

ያላበጠውንም ቢሆን አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ብርድ ልብስ ላይ ቻርጅ አታድርጉ። ብዙዎቻችን የምንተኛው መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ወይም ወጥ ቤት አጠገብ ነው። አንዳንዶቻችን ላይ ደግሞ በር ይቆለፋል። እሳት ቢነሣ ወዴት እንወጣለን? ስለዚህ ተኝታችሁ ሳላችሁ ላፕቶፕ ተሰክቶ አይደር።

ስለ መብራቱም አንድ ነገር። እዚህ ቤሩት «ዳውሌ» የምንለው የመንግሥት መብራት ሲሄድ ኢሽቲራኩ ይተካል። ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመጣ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ገፍቶ ይመጣል፤ ቻርጀር የሚያቃጥለው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ንቀሉ፤ ተመልሶ ትንሽ ሲረጋ ሰኩ። «ላፕቶፕሽ መብራት ይበላል» የምትል ማዳም ካለችም ሒሳቡ ይኸውና። የተለመደ ቻርጀር 65 ዋት ነው፤ ካውያ 2,000 ዋት ይደርሳል። ላፕቶፕ በሦስት ሰዓት የሚበላውን ካውያው በስድስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የ5 አምፔር ኢሽቲራክ የሚችለው 1,100 ዋት ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ካውያ ስትሰኩ ቤቱ ጭልም የሚለው። ላፕቶፑ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። በጨዋነት ንገሯት።

ቻርጀር መግዛት ካለባችሁ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ። እንግሊዝኛ የማታነቡ አትጨነቁ፤ የተገለበጠ «ለ» የሚመስለው ፊደል ቮልት ነው፤ መሐሉ ላይ ጭረት ያለው «ለ» የሚመስለው ደግሞ አምፔር ነው። በሁለተኛው መስመር፣ ወደ ላፕቶፑ በሚወጣው፣ ለምሳሌ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፔር ይላል። ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ ያነሰ አትግዙ። ጫፉም ልክ መግባት አለበት። ዴልና ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ ጫፉ መሐል ቀጭን መርፌ አለች፤ እሷ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ የማይስማማ ከሆነ ላፕቶፑ በርቶ ባትሪው ግን ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ዶራም ሆነ ቡርጅ ሐሙድ ስትሄዱ ላፕቶፑን ራሱን ይዛችሁ፣ እዚያው ሰክታችሁ፣ በርቶ አይታችሁ ክፈሉ።

ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ ደግሞ መጀመሪያ «አዴሽ?» በሉ። መፈተሹ ስንት እንደሆነ፣ ካልተሠራስ ይከፈል እንደሆነ ሳይነካው ጠይቁ። ቻርጀሩን ፊት ለፊታችሁ በመለኪያ እንዲለካው ጠይቁ፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ቮልት ጋር ተቀራራቢ ቁጥር መውጣት አለበት። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ላፕቶፑን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ፎቶ አንሡት፤ ከሥሩ ያለውን የመለያ ቁጥርም አንሡ፤ ወረቀት ተቀበሉ።

የይለፍ ቃላችሁን አትስጡ። የመብራት ችግር ለመጠገን የይለፍ ቃል አያስፈልግም፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ከመጣ ላፕቶፑ በርቷል ማለት ነው፤ ቀሪውን እናንተ ራሳችሁ ክፈቱ። ፎቷቸው ከጥገና ቤት ወጥቶ ሲያስፈራሩባቸው ያለቀሱ እህቶች እኔ ጋ መጥተዋል። ከተቻለ ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን አስወጡ። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ከሥር ያለች ክዳን ጥቂት ብሎን ተፈትቶ ይወጣል፤ ባትሪውን ሳታወጡ ግን አትንኩት። የእናንተ ነገር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ላፕቶፑ በእርግጥ ቢሞት እንኳ ሃርድ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ላፕቶፕ ከመሸጥና ከመጣል በፊት ይህን አስታውሱ። የተነሣ ቀን ደግሞ መጀመሪያ ማስረጃውን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ አንዱን ፍላሽ ከምትሠሩበት ቤት ውጭ የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ።

ማዳም የሰጠቻችሁ ከሆነ መስጠቷን በዋትስአፕ ጽፋ ወይም በድምፅ እንድትልክላችሁ ጠይቁ። «ማዳም፣ ስለ ላፕቶፑ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ስትጽፉላት «ምንም አይደል፣ ያንቺ ነው» ብትል በቂ ነው። ሳይሠራ ሲሰጣችሁ ቆሻሻ የነበረው ዕቃ ሲሠራ ዓይን ይገባል። የምትለቁ ቀን «ሰረቀች» የሚል ቃል እንዳይመጣ ያ መልእክት ይጠብቃችኋል።

አገር ቤት ይዛችሁ የምትገቡም አላችሁ፤ ለወንድም፣ ለልጅ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ አዲስ አበባም ይሠራል፤ የእኛም አገር መብራት 220 ቮልት ነው። መሰኪያው ካልገጠመ መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። አውሮፕላን ላይ ላፕቶፑን በእጃችሁ ያዙት። ለብቻው የተያዘ ትርፍ ባትሪ ደግሞ ጭነት ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ጫፉ ብረት እንዳይነካ ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው። ያበጠውን አትያዙ፤ አይፈቀድም።

እህቶቼ፣ በሰው አገር ብዙ ነገር «አበቃ» ይሉናል። ውሉ አበቃ፣ ደመወዙ ተከፍሏል፣ ዕቃው ኸርባን ነው። አንዳንዱ እውነት ይሆናል። ግን ከግድግዳው ጀምረን፣ ገመዱን ዳስሰን፣ 30 ቆጥረን ራሳችን እስክናይ ድረስ የሌላ ሰው ቃል ነው።

የሚቀጥለው እሑድ የማይበራ ላፕቶፕ ያላችሁ ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ፤ ያበጠውን ግን እንዳትሸከሙት፣ መጀመሪያ ደውሉልኝ። ትርፍ ገመድ ያላችሁም አምጡ፤ የአንዷ ገመድ የሌላዋን ያነሣል። አብረን እንፈትሻለን። አሁን ቡናው እየጠበቀን ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ጠይቁኝ።